ንጉሥ የሚናገርበት ቀን፤ የኖርዌይ ንጉሥ የሐኮን 7ኛ የሕይወት ታሪክ

በአባቶቻችን ዘንድ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚል የቆየ ምሳሌ አለ። ይህ ምሳሌ ሲነገር ብዙ ሰዎች የንጉሥን ትልቅነት ብቻ ያስቡበታል፤ እኛ ግን ሌላም ትምህርት እናገኝበታለን። የማይከሰስ ሰው ስለ ተናገረው ነገር በማንም ፊት ቆሞ አይጠየቅበትምና፣ አፉን ከመክፈቱ በፊት ከሌላው ሰው ይልቅ አብዝቶ ሊያስብ ይገባዋል። ተራ ሰው በሌሎች አገሮች ጠብ ላይ የመሰለውን ቢናገር ነገሩ ከጎረቤቱ አያልፍም። ንጉሥ ቢናገር ግን ቃሉ የአገሩ ሁሉ ቃል ሆኖ ይቈጠራል፤ ካፍ የወጣም አፋፍ ነውና ሊመልሰው አይችልም።

ታዲያ በመንግሥታት መካከል ጠብ በተነሣ ጊዜ ንጉሥ አሳቡን ይግለጥ ወይስ ዝም ይበል? ይህን ጥያቄ እንዲሁ ከመከራከር ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት መመርመር የሚሻል መስሎ ስለ ታየን፣ ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የኖርዌይን ንጉሥ የሐኮን 7ኛን ታሪክ መርጠናል። እኒህ ንጉሥ ከ34 ዓመት በላይ ዝም ብለው ኖሩ፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ቀን ተናገሩ። የዝምታቸውንም የንግግራቸውንም ምክንያት ለመረዳት ሕይወታቸውን ከመጀመሪያው እንከተላለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ልደትና አስተዳደግ

ንጉሥ ሐኮን ከመንገሣቸው በፊት ልዑል ካርል ይባሉ ነበር። የተወለዱት ኦገስት 3 ቀን 1872 በዴንማርክ አገር፣ ከኮፐንሃገን ከተማ አጠገብ በሻርሎተንሉንድ ነው። አባታቸው የዴንማርክ አልጋ ወራሽ ነበሩ፤ በኋላም ፍሬዴሪክ 8ኛ ተብለው ነገሡ። ልዑል ካርል ሁለተኛ ልጅ ስለ ነበሩ ዘውድ ይደርሳቸዋል ተብሎ አልታሰበም። ስለዚህ ገና በወጣትነታቸው ወደ ባሕር ኀይል ገብተው የመርከበኛን ሙያ ተማሩ፤ መኰንንም ሆኑ። በመርከብ ላይ ያደገ ሰው ማዘዝን ብቻ ሳይሆን መታዘዝንም ይማራልና ይህ ትምህርት በኋላ ዘመን ሳይጠቅማቸው አልቀረም።

አያታቸው ንጉሥ ክርስቲያን 9ኛ ልጆቻቸውን ለብዙ ቤተ መንግሥት ስለ ዳሩ የአውሮፓ አማት ተብለው ይጠሩ ነበር። ስለዚህ የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 2ኛና የእንግሊዙ ጆርጅ 5ኛ ለልዑል ካርል የአክስት ልጆች ነበሩ። ልዑሉ በ1896 የጆርጅን እኅት ልዕልት ሞድን አገቡ፤ የጀርመኑ ቄሣር ዊልሄልም 2ኛም የልዕልቲቱ የአክስት ልጅ ነበሩ። ይህን ዝምድና መቍጠራችን ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ላለ ሰው የመንግሥታት ጦርነት የቤተ ዘመድ ጠብ ጭምር ነው፤ ለአንዱ ወገን አድልቶ ለመናገር የሚገፋፋውም ነገር ከሌላው ሰው ይበልጣል።

በሕዝብ ፈቃድ መንገሥ

ኖርዌይ ከ1814 ጀምሮ ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ነበረች። የራስዋ ሕገ መንግሥትና ስቶርቲንግ የሚባል የራስዋ ፓርላማ ቢኖራትም የውጭ ጉዳይዋ የሚመራው ከስቶክሆልም ነበር። ኖርዌጃውያን ግን ብዙ የንግድ መርከብ ያላቸው ሕዝብ ስለ ሆኑ፣ በሩቅ ወደቦች ጉዳያቸውን የሚጠብቁላቸው የራሳቸው ቈንስሎች እንዲኖሩ ፈለጉ። በ1905 ስቶርቲንጉ ይህን የሚፈቅድ ሕግ ቢያወጣ ንጉሥ ኦስካር 2ኛ አላጸድቅም አሉ። የኖርዌይ ሚኒስትሮች ሥራቸውን ለቀቁ፤ ንጉሡም በምትካቸው ሌሎች ለመሾም አልቻሉም። በዚህ ምክንያት ስቶርቲንጉ ጁን 7 ቀን 1905 ከስዊድን ጋር የነበረው ኅብረት ፈርሷል ብሎ አወጀ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ንጉሥ ኦስካር የኖርዌይን ዘውድ ያጡት በውጭ ጉዳይ ላይ የራሳቸውን ፈቃድ ከሕዝቡ ፈቃድ በላይ በማድረጋቸው ነው። ጁን 7 የሚለውንም ቀን ያስታውስ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ይመጣልና።

ኖርዌጃውያን ለባዶው ዙፋን ልዑል ካርልን መረጡ። ሌላ ሰው ቢሆን የቀረበለትን ዘውድ ሳይውል ሳያድር ይቀበል ነበር። ልዑሉ ግን በአገሪቱ ሪፑብሊክ የሚሹ ብዙዎች መኖራቸውን ስላወቁ፣ አስቀድሞ ሕዝቡ ራሱ ይጠየቅ አሉ። በኖቬምበር 12ና 13 ቀን 1905 በተደረገው ድምፅ 259,563 ሰዎች ንጉሥ እንዲኖር ሲፈቅዱ 69,264 ተቃወሙ። ከዚህ በኋላ ነው ዘውዱን የተቀበሉት። በዚያው ወር በ25 ቀን ከባለቤታቸውና ከሁለት ዓመት ልጃቸው ጋር ክርስቲያንያ ገቡ፤ ይህችም ከተማ ከ1925 ጀምሮ ኦስሎ ተብላለች። ልዑሉ የጥንት የኖርዌይ ነገሥታት የተጠሩበትን ሐኮን የሚለውን ስም ያዙ፤ ልጃቸውንም ኡላቭ አሉት። ሁሉ ለኖርዌይ ይሁን የሚል ትርጉም ያለውንም ቃል መሪ ቃላቸው አደረጉ።

የዝምታ ዓመታት

በኖርዌይ ሕገ መንግሥት ንጉሡ አይከሰሱም፤ ስለ መንግሥት ሥራ የሚጠየቁት ሚኒስትሮቹ ናቸው። ንጉሡ በየሳምንቱ ዓርብ በቤተ መንግሥት ከሚኒስትሮቻቸው ጋር ይቀመጣሉ፤ ይጠይቃሉ፤ ይመክራሉ። ሲወሰን ግን የሚወስኑት ሕዝብ የመረጣቸውና ሕዝብ ሊሽራቸው የሚችል ሰዎች ናቸው። ንጉሥ ሐኮን ይህን ሥርዓት እንደ እስራት ሳይሆን እንደ መርከብ መሪ ቈጥረው ያዙት። በግል የመሰላቸውን ለሚኒስትሮቻቸው ይነግሩ ነበር እንጂ በአደባባይና በጋዜጣ አላወጡትም።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አለመሆኑን ለማወቅ በዚያው ዘመን የነበሩትን ቄሣር ዊልሄልምን ማየት ይበቃል። ቄሣሩ በጃንዋሪ 1896 የትራንስቫል ፕሬዚዳንት ለነበሩት ለክሩገር የደስታ ቴሌግራም ላኩ፤ ይህም እንግሊዞችን እጅግ አስቈጣ። በኦክቶበር 1908 ደግሞ በአንድ የለንደን ጋዜጣ የወጣው አነጋገራቸው፣ ወዳጅነት ለማጽናት ታስቦ ሳለ እንግሊዞችን አስቀየመ፤ በሌሎች መንግሥታትም ዘንድ ጥርጣሬ አሳደረ፤ በገዛ ፓርላማቸውም ብርቱ ወቀሳ አስነሣ። ቄሣሩ የተናገሩት ሁሉ ሐሰት ነበር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የአንድ ሰው የዕለት ስሜት የአንድ ታላቅ መንግሥት አሳብ ሆኖ ተቈጠረ፤ ሚኒስትሮቹም ያልመከሩበትን ቃል ሲያቃኑ ጊዜ አለፈ።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ኖርዌይ ገለልተኛ ሆነች። የንግሥት ሞድ ወንድም በአንድ ወገን፣ የአክስታቸው ልጅ በሌላው ወገን ተሰልፈዋል። ንጉሥ ሐኮን ግን ለዘመድ አድልተው አልተናገሩም። በዲሴምበር 1914 ከስዊድንና ከዴንማርክ ነገሥታት ጋር በማልሞ ከተማ ተገናኝተው የሦስቱን አገሮች ገለልተኛነት አጸኑ። ይህም የሦስቱ መንግሥታት ሁሉ ስምምነት ያለበት ሥራ ነበር። ገለልተኛነት ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። በዚያ ጦርነት ወደ 2,000 የሚጠጉ የኖርዌይ መርከበኞች በባሕር ላይ አለቁ። እንዲህ ያለ ሐዘን እያለ አፍን መግታት ቀላል ነገር አይደለም።

በአገር ውስጥም ይህንኑ ልማድ ጠበቁ። በጃንዋሪ 1928 በዚያን ዘመን ዘውድን የማይወድ ይባል የነበረውን የሠራተኞች ፓርቲ መንግሥት እንዲያቋቁም ጠሩት፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሆርንስሩድ ሆኑ። ያ መንግሥት ከሦስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ቢቈይም፣ ንጉሡ ለወዳጆቻቸው ብቻ ሳይሆን ለሚነቅፏቸውም ንጉሥ መሆናቸውን ሕዝቡ ተረዳ። እንዲህ እያለ የሐኮን ቃል ሳይወጣ የተከማቸ ሀብት ሆነ። ቀኑ ሲመጣ ዋጋው የታወቀውም ስለዚህ ነው ብለን እናምናለን።

የእንቢታ ቀን

ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ገና ጎሕ ሳይቀድ ጀርመኖች ሳይታሰቡ በኖርዌይና በዴንማርክ ላይ ወረዱ። በዴንማርክ የነገሡት የሐኮን ታላቅ ወንድም ክርስቲያን 10ኛ ነበሩ፤ አገሪቱ ሜዳና ትንሽ በመሆንዋ መንግሥታቸው በጥቂት ሰዓት ውስጥ እጁን ሰጠ። በኖርዌይ ግን ወደ ኦስሎ በሚያስገባው ጠባብ የባሕር መንገድ ላይ ያለው ኦስካርስቦርግ የሚባል አሮጌ ምሽግ፣ ብሉኸር የተባለውን ትልቅ የጀርመን የጦር መርከብ መትቶ አሰጠመ። በዚህ ምክንያት ጠላት ወደ ከተማይቱ መግባቱ ስለ ዘገየ ንጉሡ፣ ሚኒስትሮቹና የስቶርቲንጉ አባሎች በባቡር ወደ ሐማር፣ ከዚያም ወደ ኤልቨሩም ለማምለጥ ቻሉ። በዚያው ማታ ክዊስሊንግ የሚባል፣ በስቶርቲንጉ ውስጥ አንድም ወንበር የሌለው የትንሽ ፓርቲ መሪ፣ የመንግሥት አለቃ ነኝ ብሎ በራዲዮ አወጀ።

በማግሥቱ የጀርመን ሚኒስትር ብሮየር ወደ ኤልቨሩም መጥቶ ከንጉሡ ጋር ብቻቸውን ለመነጋገር ፈለገ። ጥያቄው ንጉሡ ክዊስሊንግን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው እንዲሾሙና መከላከሉ እንዲቆም ነበር። ንጉሥ ሐኮንም ያለ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው መልስ ለመስጠት እንደማይችሉ ገለጡ፤ ሚኒስትሩ ኩትም ተጠርተው ገቡ። ጠላት በሩ ላይ ቆሞ ሳለ እንኳ ሕጉን አልዘነጉም። ጀርመኖች የፈለጉት ብቻውን የሚወስን ንጉሥ ነበር፤ ያገኙት ግን ሕጋዊ ንጉሥ ነው።

በዚያው ሌሊት ሚኒስትሮቹ ኒበርግስንድ በምትባል መንደር ተሰበሰቡ። ንጉሡ በዚያ የተናገሩት ነገር ለጥያቄያችን ዋናው መልስ ነው። በመጀመሪያ ውሳኔው የመንግሥቱ መሆኑን፣ ሚኒስትሮቹም በእሳቸው አሳብ እንዳይገደዱ ገለጡ። ቀጥለውም ጥያቄው ባይፈጸም በሕዝቡ ላይ የሚወርደው መከራ እንደሚከብዳቸው ተናገሩ። በመጨረሻም ሕዝቡም ስቶርቲንጉም የማያምኑትን ሰው ለመሾም ኅሊናቸውም ሕገ መንግሥቱም እንደማይፈቅድላቸው አስታወቁ። መንግሥቱ ጥያቄውን ለመቀበል ቢወስን፣ ለራሳቸውና ለቤታቸው ዘውዱን ትተው እንደሚወርዱ አረጋገጡ። ሚኒስትሮቹ ይህን ሰምተው በአንድ ቃል ከንጉሡ ጋር ቆሙ፤ እንቢታውም ለጀርመኑ ሚኒስትር ተላከ።

የጀርመኖች መልስ አልዘገየም። ኤፕሪል 11 ቀን አይሮፕላኖች መጥተው ኤልቨሩምንና ኒበርግስንድን በቦምብ ደበደቡ። የ67 ዓመቱ ንጉሥ ከልጃቸው ጋር በበረዶ ላይ ሮጠው በጫካ ውስጥ ተሸሸጉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው እየተሰደዱ አገራቸው ስትዋጋ አብረው ቈዩ። ሞልዴ በምትባለው ከተማ የቦምብ ድብደባ ሲወርድ ከልጃቸው ጋር በአንድ በርች ዛፍ ሥር ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለም ሁሉ ያየው ሥዕል ሆነ።

በስደት አገር

መከላከሉ የማይቻል በሆነ ጊዜ፣ ጁን 7 ቀን 1940 ንጉሡና መንግሥቱ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ከትሮምሶ ወደብ ተነሡ። በጁን መጨረሻ ጀርመኖች በያዙዋት ኦስሎ የነበሩት የስቶርቲንጉ አመራር አባሎች፣ በጀርመኖች ግፊት ንጉሡ ከዙፋናቸው እንዲወርዱ በደብዳቤ ጠየቁ። ንጉሥ ሐኮን ጁላይ 3 ቀን በጻፉት መልስ፣ ጥያቄው ከነጻ ሕዝብና ከነጻ ፓርላማ የመጣ ባለመሆኑ ሊቀበሉት እንደማይችሉ ገለጡ። መልሱም ከለንደን በራዲዮ ተነገረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዝምተኛው ንጉሥ ድምፅ በየቤቱ በምስጢር የሚሰማ ሆነ። ሰዎች የስማቸውን ምልክት በግንብና በበረዶ ላይ ይጽፉ ነበር፤ በ1942 ሰባኛ የልደት ቀናቸው ሲከበር በልብሳቸው ላይ አበባ በማድረጋቸው የታሰሩ ነበሩ። ከ1,000 የሚበልጡ የኖርዌይ የንግድ መርከቦችም በመንግሥታቸው ትእዛዝ ሥር ሆነው ለነጻነት ወገን ሠሩ። ንጉሡ በዚህ ሁሉ ጊዜ የተናገሩት መንግሥታቸውን አጠገባቸው አድርገው እንጂ ለብቻቸው አልነበረም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስናነብ የራሳችንን ታሪክ ማስታወሳችን አይቀርም። ንጉሥ ሐኮን ስደተኛ ሆነው እንግሊዝ አገር በገቡበት በዚያው በጁን 1940፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባዝ ከተማ የነበረውን ስደታቸውን ጨርሰው ወደ ሱዳን ተነሡ። ዳሩ ግን የሁለቱ ሥራ አንድ ዓይነት አልነበረም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ፣ በጊዜው በነበረው ሕገ መንግሥት የአገሩ ሥልጣን በእጃቸው ስለ ነበረ መናገርም መጠየቅም የእሳቸው ነበር። ሥልጣን ያለው ዝም ቢል ስለ ሕዝቡ የሚናገርለት የለም።

ከዚህ ይልቅ ከሐኮን ጋር ሊነጻጸሩ የሚገባቸው የኢጣልያው ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል 3ኛ ናቸው፤ እሳቸውም በሕገ መንግሥት የሚነግሡ ነበሩና። በኦክቶበር 1922 ሚኒስትሮቻቸው ፋሺስቶችን ለማገድ ያቀረቡላቸውን አዋጅ አልፈርምም ብለው ሙሶሊኒን ሾሙ። ከዚያ በኋላ የቀረበላቸውን ፈረሙ። በ1935 አገራችን ስትወረር አልተቃወሙም፤ በሜይ 1936 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ስም ተቀበሉ፤ በ1938 በአይሁድ ላይ የወጣውን ሕግም አጸደቁ። በሴፕቴምበር 1943 ሮምን ትተው ሸሹ፤ በ1946 ዘውዳቸውን ለቀቁ፤ ጥቂት ሳምንት ቈይቶም የኢጣልያ ሕዝብ በድምፁ ንጉሣዊ መንግሥትን ሻረ። በ1947 በእስክንድርያ በስደት ሞቱ። የእኒህ ንጉሥ ዝምታ እንደ ሐኮን ዝምታ አልነበረም። ፊርማ ያለበት ዝምታ ንግግር ነውና።

ፍጻሜ

ንጉሥ ሐኮን ጁን 7 ቀን 1945 ወደ ኦስሎ ተመለሱ። ኅብረቱ ከፈረሰ ልክ 40 ዓመት፣ ከተሰደዱ ልክ 5 ዓመት መሆኑ ነው። ሕዝቡም በታላቅ ደስታ ተቀበላቸው። ሲመለሱ ግን ያ ሁሉ ክብር አላሳሳታቸውም። በስደት ያገኙትን ዝና ይዘው በመንግሥታት ነገር ሁሉ ላይ ተናጋሪ አልሆኑም፤ እንደ ቀድሞው ወደ ዓርብ ስብሰባቸው ተመለሱ። በ1947 75ኛው የልደት ቀናቸው ሲከበር ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ለአሮጌው መርከበኛ አንድ መርከብ ሰጣቸው። በ1955 ወድቀው የጭን አጥንታቸው ከተሰበረ በኋላ እንደ ልብ ለመሄድ አልቻሉም፤ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1957 በ85 ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸው ኡላቭ 5ኛ ነገሡ።

አንዳንድ ሰው የሐኮን እንቢታ ከተሞችን አቃጥሏል፣ የወንድማቸው መንገድ ይሻል ነበር ብሎ ይከራከር ይሆናል። መከራው እውነት ነው፤ ንጉሡም አስቀድመው አውቀውታል። ነገር ግን የተጠየቁት ስለ ጦርነቱ ምን እንደሚመስላቸው አልነበረም፤ ሕዝብ ያልመረጠውን ሰው በገዛ እጃቸው እንዲሾሙ ነበር። ዘውዱን የሰጣቸው የ259,563 ሰዎች ድምፅ ስለ ሆነ፣ ያንን ዘውድ በባዕድ ትእዛዝ ለሌላ ሥራ ሊያውሉት አልቻሉም።

እንግዲህ እኛ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ይህ ነው። በሕገ መንግሥት የሚነግሥ ንጉሥ በመንግሥታት ጠብ ላይ የግል አሳቡን በአደባባይ ባይናገር መልካም ነው፤ በቃሉ የሚጠየቁለት፣ በስሕተቱም የሚጎዱለት ሌሎች ናቸውና። የራሱ ፊርማ ለዐመፅ ሥራ ሲጠየቅ ግን ዝም ማለት አይገባውም። በዚያን ጊዜ ለሚኒስትሮቹ ነጻነታቸውን ትቶ፣ ዋጋውን በራሱ ዘውድ ላይ አድርጎ፣ እንቢ ሊል ይገባዋል። ዛሬ አገራችን ንጉሥ የላትም፤ ይሁን እንጂ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ነገ በልዩ ልዩ ሥራ ላይ የምንቀመጥ ሁላችን ፊርማ ይኖረናል። በማያገባን ነገር አፋችንን መግታትን፣ እጃችን በተጠየቀበት ቀን ደግሞ መናገርን እንድንማር ይህ የንጉሥ ሐኮን ሕይወት ይርዳን።